ከበሩ ጎን ያለችው ክፍል

ሚስቴ ሉጥፊያ ፊደል አልቆጠረችም፤ ቤት ግን ታነባለች። ካርቱም ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት በሰው ቤት የሠራች ሴት ናት። አንድ ኩሽና ገብታ ቆም ብላ ዙሪያውን ካየች፣ "እመቤቲቱ ቆጥቋጣ ናት፣ ባልየው ውጭ ነው የሚበላው፣ ሠራተኛዋም ሰሞኑን ነው የሄደችው" ብላ ትነግርሃለች። በምን አወቅሽ ስትባል፣ "በማንኪያው አቀማመጥ" ነው መልሷ። እኔ አብዱልሰላም ደግሞ አስተማሪ የነበርኩ፣ በፖለቲካ ጣጣ ድንበር የተሻገርኩ፣ ጥቂት ገጽ ሳላነብ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። በዚህ በምነግራችሁ ነገር ውስጥ ማንበብ ያቃተው ግን እኔ ነኝ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቤቱን የገዛነው እዚያው ካርቱም፣ አርካዊት ሰፈር ነው። ጦርነቱ ሲጀመር ዴም ሰፈር ያለውን የኪራይ ቤታችንን ጥለን ገዳሪፍ ከተማ ገባን፤ እዚያ ሁለት ዓመት ተኩል ቆየን። ካርቱም ሲረጋጋ የተመለሰው ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው ኤሌክትሪሺያን ሆነ። ዘራፊዎቹ ቴሌቪዥኑና ፍሪጁ ሲያልቅባቸው ግድግዳ እየቦረቦሩ የመዳብ ሽቦውን መዘው ወስደውታልና። እኔ ማስተማሩ ከቀረ ወዲህ የኖርኩት በዚሁ ሥራ ነው። የሱዳን ዜግነት ካገኘሁም ቆይቻለሁ፤ ስለዚህ ካይሮ የተሰደዱ አንድ ሽማግሌ፣ ሐጂ እንላቸዋለን፣ በደላላ በኩል ቤታቸውን ሲሸጡ ወረቀቱ በስሜ ዞረ። ሐጂን በአካል አይተናቸው አናውቅም። በስልክ "ቤቱ መልካም ቤት ነው፣ አላህ ይባርክላችሁ" አሉን፤ ስልኩን ሊዘጉ ሲሉ ደግሞ "ዛፏን አትቁረጧት" አሉ። ሌላ የነገሩን ነገር የለም።

ቤቱ አርባ ዓመት ያለፈው ነው። ቀይ ጡብ፣ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ሁለት መኝታ ቤትና አንድ ሰፊ ሳሎን አለው። ጥይት የበሳው የብረት በር፣ ከግቢው መሐል ደግሞ አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ። ከበሩ ጎን፣ ከአጥሩ ጋር የተጣበቀች አንዲት ጠባብ ክፍል አለች። መስኮቷ መጽሐፍ ቢያሳልፍ ነው። ሉጥፊያ ቁልፉን ተቀብላ ስትገባ ሳሎኑን አላየችም፣ ኩሽናውን አላየችም። በቀጥታ ወደዚያች ክፍል ሄዳ ደጃፉ ላይ ቆመችና፣ "ይቺን አፈርሳታለሁ" አለች። "አፍርሼ አበባ እተክልባታለሁ።"

ለምን እንደሆነ ለመጠየቅ ሞኝ መሆን ያስፈልጋል። ከወሎ፣ ከሀርቡ፣ በአሥራ ስድስት ዓመቷ ወጥታ ካርቱም አል-ማንሺያ ሰፈር ስትቀጠር ያስተኟት እንዲህ ባለች ክፍል ነው፤ ያውም ከጄኔሬተሩ ጎን። በዚያ ላይ ስሟን ወሰዱባት። የጌትየው እናት ሉጥፊያ ነበር ስማቸው፤ የእናቱን ስም እየጠሩ "ሽንት ቤቱን እጠቢ" ማለት ነውር ነው ተብሎ በገባች በሁለተኛው ቀን "ሰልማ" አሏት። ሃያ ስድስት ዓመት ሰልማ ሆና ኖረች። ገበያው በሰልማ አወቃት፣ ሰፈሩ በሰልማ አወቃት፣ እኔም መጀመሪያ የተዋወቅኳት በሰልማ ነው። ልንጋባ አንድ ሳምንት ሲቀረን፣ ወረቀት ፊት፣ "እኔ እንኳ ሉጥፊያ ነኝ" ስትለኝ የማላውቃትን ሴት ላገባ ነው እንዴ ብዬ ደንግጫለሁ።

ማስዋቡን በመስታወት ጀመረች። ከገዳሪፍ እስከ ካርቱም አውቶቡስ ላይ በብርድ ልብስ ጠቅልላ በጭኗ ይዛው የመጣችው፣ ዙሪያው ወርቅማ የሆነ መስታወት ነው። ሰው ሁሉ ዱቄትና ዘይት ተሸክሞ ሲመለስ እሷ መስታወት! ብቀልድባት፣ "የሰው መስታወት ስወለውል ነው ያረጀሁት፤ አሁን የራሴን እወለውላለሁ" አለች። ሳሎን ገብታ ከወዲህ አየች፣ ከወዲያ አየች፣ በመጨረሻ ከመግቢያው ትይዩ መዳፏን ግድግዳው ላይ አሳርፋ፣ "ሚስማሩን እዚህ" አለችኝ። መዶሻዬን አንስቼ ሚስማሩን ሳስጠጋው ግድግዳው ዋጠው። ቀዳዳ ነበረበት። ነጭ ነገር ከቀዳዳው ፈርፈር ብሎ ወደቀ። ሉጥፊያ በጣቷ አንስታ አሸተተችው።

"ሳሙና ነው" አለች፤ ድምፅዋ ተለወጠ። "ሳሙና በጨው። ይሄ የእኛ ሥራ ነው፣ አብዱ።"

በሰው ቤት የሚሠሩ የእኛ ሴቶች ዘዴ ነው አሉ። ሳይፈቀድልሽ ሚስማር ከመታሽ፣ ስትነቅይው ቀዳዳውን በእርጥብ ሳሙናና በጨው ትደፍኚዋለሽ፤ ሲደርቅ ከኖራው አይለይም፤ እመቤቲቱም አታይም። "ታዲያ ምን ይገርማል?" አልኳት። "አርካዊት ውስጥ አበሻ ያልሠራበት ቤት የታለ?" እውነቴን ነበር። መስታወቱ ተሰቀለ።

በማግስቱ ኩሽና ውስጥ ወንፊቷን ልትሰቅል መዳፏን ከምድጃው በላይ አሳረፈች። የሳሙና ቀዳዳ። የልብስ ማስጫ ገመድ ልትወጥር ከዛፉ ቅርንጫፍ አንዱን መረጠች፤ ቅርንጫፉ ገመድ ያሸው ቀለበት ነበረበት። የበሩ መዝጊያ በነፋስ እንዳይገጭ የምታስደግፈው ጡብ ፈልጋ ከአጥሩ ሥር አንዱን ብታነሳ፣ በአሮጌ ነጠላ ጨርቅ ተጠቅልሏል፤ ወለል እንዳይጭር። እሷም ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምታደርገው። መጥረጊያዋን ከኩሽናው በር ኋላ እጀታውን ወደ ታች ልታቆም ስትል የእጀታ ጫፍ የቦረቦረው ጉድጓድ አገኘች። ስፋቱ ልክ ነው፤ መጥረጊያዋ ገባበት።

"ቤቱ ወዶሻል" አልኳት እየሳቅሁ።

"አይደለም" አለች። "ሌላ ሰው ነው የለመደው። እኔ እሷን መስዬዋለሁ።"

እኔ የሚያስፈራ ነገር አላየሁም ነበር። ደግሞ የካርቱም ሌሊት አያስፈራኝም፤ የሚከብደኝ ቀትሯ ነው። ድሮ በዚያ ሰዓት የሚኒባሱ ረዳት ጩኸት፣ የአየር ማቀዝቀዣው ጉርምርምታ፣ የየቤቱ ሬዲዮ ነበር። አሁን ግራና ቀኝ ያሉት ቤቶች በርና መስኮት የላቸውም፤ ነፋስ ገብቶ ሲወጣ ብቻ ይሰማል። አንድ ቀን በዚያ ሰዓት ከሥራ ስመለስ ሉጥፊያን ኩሽና ውስጥ ጀርባዋን ሰጥታኝ አገኘኋት። ሽንኩርት ትከትፋለች። "እሺ፣ እሺ፣ ገባኝ፣ አሁን አደርገዋለሁ" ትላለች። ለማን እንደምትመልስ ብጠይቃት ቢላዋውን አስቀምጣ አየችኝና፣ "አላውቅም" አለች። "ከኋላዬ ሰው ቆሞ የሆነ ነገር ሊያዘኝ ሲል ይመስለኛል። ግን አይናገርም። ቆሞ ይጠብቃል።" ያን ቀን ምሳ አልበላችም።

ግቢውን ግን ወደደችው። ከኒሙ ሥር፣ ጥላው በሚበረታበት፣ ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ሰማያዊ የኩሽና ሸክላ የተነጠፈበት አንድ መደብ ነገር አለ። ሸክላዎቹ ከኩሽናው ግድግዳ የተነቀሉ ናቸው፤ እንደ ነገሩ በጭቃ ተያይዘዋል። ሉጥፊያ ስታየው ደስ አላት። "የዚር መቀመጫ ነው!" አለች። ዚር ማለት እዚህ አገር ውሃ የሚያቀዘቅዝ ትልቅ የሸክላ ጋን ነው፤ ግቢ ያለው ሰው ሁሉ ጥላ ውስጥ መቀመጫ ሠርቶ ያስቀምጠዋል። ከማዮ ገበያ ሁለት ሰው የሚሸከመው ዚር አስመጣች፤ መደቡ ላይ አስቆመችው፤ ጠዋት ጠዋት ትሞላዋለች። ዚር ላብ ያወጣል፣ ላቡ ከታች ይንጠባጠባል። ሸክላው ላይ ጠብ፣ ጠብ ሲል ቀኑን ሙሉ ይሰማል። ሥራ ውዬ ስመጣ ከዚያ ቀድቼ እጠጣ ነበር፤ እንደዚያ ያለ ቀዝቃዛ ውሃ ጠጥቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ጥፋታችን ልምጣ።

በሁለተኛው ሳምንት ከማዮ አንድ ቀለም ቀቢ መጣ። ሳሎኑን ጨረሰ፣ መኝታ ቤቶቹን ጨረሰ። ሉጥፊያ ከበሩ ጎን ያለችው ክፍል ማፍረሱ እስኪደርስ ቢያንስ ነጭ ትሁንልኝ አለች፤ ሳያት ደሜ ይፈላል ብላ። እኔ ያን ቀን መሰላል ጫፍ ላይ ሆኜ፣ ሽቦ በጥርሴ ይዤ፣ የሳሎኑን መስመር እዘረጋለሁ። ሉጥፊያ መጥታ መሰላሉን ያዘች።

"አብዱ፣ ና እስቲ አንዴ እየው። እዚያች ክፍል ግድግዳው ላይ የተሞነጫጨረ ነገር አለ።"

"የምን ነገር?"

"እንጃ። በከሰል ነው።"

"የልጆች ጭረት ይሆናል። አስቀቢው በቃ!" አልኳት። ሽቦው በጥርሴ ስለሆነ የተናገርኩት በቁጣ ሳይመስላት አልቀረም። ትንሽ ቆመች። እጇ መሰላሉ ላይ ነበር፤ ይህን በደንብ አስታውሳለሁ። ከዚያ ለቀቀችውና ሄደች።

ቀቢው ግን ሥራውን የሚያውቅ ሰው ነበር። አሮጌው ኖራ መጀመሪያ በሽቦ ብሩሽ መፋቅ አለበት፣ አለዚያ የሚለሰነው ስቱኮ አይዝም፣ ሁለት ቀን ስጡኝ አላት። "ያላ፣ ኸላስ! ዝም ብለህ ደርብበት" ስትለው ሰማሁ። ደረበበት። ከሰዓት በኋላ ክፍሏ እንደ ወተት ነጥታ ጠበቀችን። ሉጥፊያ አንዴ አየቻት፣ በሩን ዘጋች፤ ከዚያ ወዲያ አልገባችባትም።

ቀትሩ የባሰበት ከዚያ በኋላ ነው። መጥረጊያ ይዛ ትጀምርና መሐል ላይ ታቆማለች። "ጠርጌው ነበር" ትለኛለች፤ "ጠዋት ጠርጌው ነበር አይደል?" ቅጠል የረገፈበትን አይቼ አልጠረግሽውም ብላት ታኮርፋለች። አንዳንዴ ደግሞ ሳትጠርገው ግቢው ንጹሕ ሆኖ እናገኘዋለን። ነፋስ ነው አልኩ። ነፋስ ጥግ ጥጉን አይጠርግም አለች።

ከወር በኋላ የጎረቤታችን በር ተከፈተ። ኒዕማ ትባላለች፤ ስልሳ የተጠጋች ሱዳናዊት፣ ጡረታ የወጣች ነርስ። በጦርነቱ ጊዜ ሽባ እናቷን ጥላ መሄድ ስላልቻለች ሰፈሩን ያልለቀቀች እሷ ብቻ ናት ማለት ይቻላል። እናቷ በኋላ ሞተው ሸንዲ፣ ዘመዶቿ ዘንድ ሰንብታ መመለሷ ነው። በትሪ ተምር ይዛ ገባች።

"አሰላሙ ዓለይኩም፣ ያ ጂራን! ጎረቤት አገኘሁ፣ አልሐምዱሊላህ! እኔ ኒዕማ ነኝ።"

"ሰልማ" አለች ሚስቴ። ቀና ብዬ አየኋት። የራሷ ቤት፣ የራሷ ደጅ፣ ጌታ የለ እመቤት የለ። አፏ ግን ለምዶ "ሰልማ" አለ። ትከሻዋን ነቀነቀችልኝ፤ ምን ላድርግ እንደ ማለት።

ኒዕማ አልሰማቻትም መሰለኝ። ዓይኗ ዚሩ ላይ ነበር።

"ዚሩን እዚያ ማን አስቀመጠው?"

"እኔ ነኝ፤ መቀመጫው ተሠርቶ ሳገኘው ጊዜ…"

ኒዕማ ትሪውን መሬት አስቀመጠች፣ ራሷም እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች። "ያ ሰልማ፣ መቀመጫ አይደለም" አለች። "ሀናን ናት።"

ሀናን የቤቱ ሠራተኛ ነበረች፤ አበሻ። ሐጂና ቤተሰባቸው ጦርነቱ በጀመረ በአምስተኛው ቀን ሲሸሹ መኪናው ውስጥ ቦታ አልነበረም፤ ደግሞ ነገሩ ሁለት ሳምንት አይቆይም ተብሎ ነበር። የሁለት ሳምንት ዱቄት ትተውላት፣ ቤቱን ጠብቂ ብለዋት ሄዱ። ዓመት ከስምንት ወር ጠበቀች። ዘራፊዎች ሦስት ጊዜ ገቡ፤ ሦስቱንም ጊዜ በኒዕማ በኩል በአጥር ዘላ አምልጣ፣ ሲሄዱ ተመልሳ ጠረገች። በመጨረሻ ትኩሳት ያዛት። ከሰፈሩ መውጣት አይቻልም፣ መቃብር ቦታ መሄድ አይቻልም። ኒዕማና ሁለት ሽማግሌዎች አጥበው፣ ሰግደውባት፣ ከዛፉ ሥር ቀበሯት። ውሾች እንዳይቆፍሯት የኩሽናውን ሸክላ ነቅለው ለበዱላት። ያን ጊዜ በየግቢው እንዲህ ነበር፤ ከተማው ሙሉ በየጓሮው ነው የቀበረው።

ሉጥፊያ ተነስታ ዚሩን አቅፋ ለማውረድ ታገለች። እስከ አፉ ሞልቷል፤ ንቅንቅ አላለም። "አብዱ፣ አግዘኝ! ምን ትገተራለህ!" ብላ ጮኸችብኝ። ኒዕማ ግን ቀሚሷን ይዛ፣ "ተዪው" አለቻት። "ተዪው፣ ይንጠብጥላት። ውሃ ውሃ ስትል ነው የሞተችው። ፓምፑ ቆሞ ነበር። እኔ ጋ ግማሽ ኩባያ ነበረኝ፤ ለእናቴ ብዬ ያስቀመጥኩት። አልሰጠኋትም። ስትፈልጊ ይህን ለሰው ንገሪ፤ እኔ ለአላህ ነግሬዋለሁ።"

ዚሩ ብቻ ይንጠባጠባል። አንድ ወር ሙሉ ከመቃብሯ ላይ እየቀዳሁ ስጠጣ እንደነበር ያን ጊዜ ነው የታወቀኝ።

ኒዕማ ከሸንዲ የተመለሰችውም ለዚሁ ጉዳይ ኖሯል። በየግቢው የተቀበሩትን አውጥቶ ወደ መቃብር ቦታ የሚወስድ ኮሚቴ ተቋቁሟል፤ የሀናንን አስመዝግባለች፤ እሑድ ይመጣሉ። ሐሙስ ዕለት ከኮሚቴው አንድ ሙስዐብ የሚባል ወጣት ቦታውን ሊያይ መጣ። ጭምብሉ አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል፣ ዓይኑ ቀልቷል። ወረቀቱን ዘረጋ።

"ሙሉ ስም?"

"ሀናን" አለች ኒዕማ።

"ሀናን፣ የማን ልጅ?"

ኒዕማ እኛን አየች፤ እኛ ኒዕማን።

"የአባት ስም ከሌለ መጅሁላ ብዬ ነው የምጽፈው" አለ፤ ማንነቷ ያልታወቀ ማለቱ ነው። "ሰሌዳዋ ላይ ቁጥር ይሆናል። ወላሂ ያ ዓም፣ አጎቴ፣ እኔም ቁጥር መጻፍ ሰልችቶኛል። እስከ እሑድ ካገኛችሁ ንገሩኝ።"

እሱ እንደወጣ ሉጥፊያ በሳሎኑ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረች። "ሀናን የምትባል ሴት የለችም" አለችኝ። "ሰልማም የለችም። አንተ አይገባህም፣ ያወጡልህ ስም ኖሮህ አያውቅም። በዚህ ስም ብትቀበር እናቷ እንኳ ብትመጣ አታገኛትም። እኔ አል-ማንሺያ ሞቼ ቢሆን ማን ትባል ነበር ይባል ነበር? ንገረኝ፣ ማን?"

ለሐጂ ደወልን። "ሀናን" ሲባሉ ትንፋሻቸው ሲቆራረጥ ይሰማል። ሞቷንና ከዛፉ ሥር መቀበሯን ኒዕማ ነግራቸዋለች፤ ቤቱን ሲሸጡልን ያልነገሩን ሰው የሞተበትን ማን ይገዛል ብለው እንደሆነ ሳይደብቁ አመኑ። ፓስፖርቷ ሚስታቸው ጋ ነበር፣ ቁምሳጥን ውስጥ፤ ቁምሳጥኑ ተዘርፏል። ትክክለኛ ስሟ? "ባለቤቴ ነበረች የምታውቀው፤ እሷም ካይሮ ሞተችብኝ። እኛ ሀናን ነው ያልናት፤ ስሟ ለልጆቹ ይከብዳቸው ነበር… ሁለት ሳምንት ነው የመሰለኝ፣ ያ ወለዲ፣ ልጄ። ሁለት ሳምንት ብቻ።" ልሰድባቸው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ሲያለቅሱ ሰማሁና ስልኩን ዘጋሁት።

ሉጥፊያ መስታወቱ ፊት ቆማ ነበር። ወደ እኔ ሳትዞር ተናገረች።

"አብዱ፣ የልጆች ጭረት አልነበረም።"

"ምኑ?"

"ግድግዳው ላይ ያለው። የእኛ ፊደል ነበር። ማንበብ ባልችልም መልኩን አውቀዋለሁ። በትልልቁ ከላይ እስከ ታች ተጽፎበት ነበር።"

"ታዲያ ለምን ዝም አልሽ? የእኛ ፊደል ነው ብትዪኝ ከመሰላሉ አልወርድም ነበር?"

"ትወርድ ነበር" አለች። "ወርደህ ታነብልኝ ነበር። ካነበብክልኝ እዚህ ቤት መኖር እንደማልችል ታውቆኝ ነበር። ቤት አግኝቼ አላውቅም፣ አብዱ። አንድ ቤት ነው ያገኘሁት።"

መቆጣት አማረኝ፤ በምን አፌ? እሷ አንዴ ጠርታኛለች፤ ያልወረድኩት እኔ ነኝ።

በሩን ከፍተን ገባን። ጠባቧ ክፍል ነጭ ሆና፣ አዲስ ቀለም እየሸተተች፣ ምንም እንዳልተጻፈባት ሁሉ ቆማለች። ስቱኮውን በመሮ ብመታው ከነጽሑፉ እንደሚፈርስ አውቃለሁ። ግን ከጥጉ በኩል፣ ከወለሉ አጠገብ፣ ሽፋኑ ተነፍቶ ነበር። በጥፍሬ ስነካው ከግድግዳው ተላቀቀ። ቀቢው እንዳለው ነው፤ አሮጌው ኖራ ስላልተፋቀ አልያዘም። የሉጥፊያ ችኮላ የደፈነውን ያው ችኮላዋ አተረፈው። የኩሽናውን ሰፊ ቢላዋ አምጥታ ከሥሩ እየሰረሰረች፣ እኔ በሁለት መዳፌ እየደገፍኩ፣ እንደ ቂጣ ሰፋ ሰፋ ያሉ ልጦች አወጣን። ግድግዳው ላይ የቀረው የከሰል ጥላሸት ብቻ ነው። ጽሑፉ ስቱኮው ጀርባ ላይ ተጣብቆ መጥቷል፤ ግን የተገለበጠ ነው፤ ፊደሎቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ ግራ አዙረዋል።

ልጦቹን አንጥፈን ላንብብ ብል ዓይኔ ተምታታብኝ። ሉጥፊያ ወጥታ ተመለሰች። መስታወቷን ነቅላ አመጣችው። ከልጦቹ ትይዩ ጉልበቷ ላይ አቁማ ያዘችው፤ እኔም በመስታወቱ ውስጥ፣ በእጆቿ መሐል፣ አነበብኩላት።

"ይህን ለምታነቢው አበሻ እህቴ። ስሜ ሀናን አይደለም። ሀጀራ አብራር ነኝ፣ የደጋን ልጅ። ብሞት ለእናቴ ድምፅ አሰሚልኝ። የበሩ ቁልፍ ኒዕማ ዘንድ ነው። የኩሽናው ቧንቧ ወደ ግራ ነው የሚከፈተው። ቤቱን ጠርጌዋለሁ።"

ደጋን ከሀርቡ በመኪና ሩቅ አይደለም። ሉጥፊያ በልጅነቷ ገበያ ወርዳበታለች።

"ድገመው" አለችኝ። ደገምኩት። "የመጀመሪያውን።" እሱንም ደገምኩት። "'ለምታነቢው' ነው የምትለው? 'ለምታነበው' አይደለም?"

"ለምታነቢው።"

"እዚህ ክፍል ከእሷ ቀጥሎ የምትተኛዋ ሌላ ሠራተኛ ናት ብላ ነዋ" አለች። "ለእኔ ነው የጻፈችው። እኔ ደግሞ መጣሁና ደፈንኩባት።" መስታወቱን አቅፋ አለቀሰች። በጦርነቱም፣ በስደቱም እንደዚያ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም። እኔም አለቀስኩ፤ የማፍርበት ነገር የለም። ክፍሏ ውስጥ የሆነ ነገር የቀለለ መሰለኝ፤ ወይም እኛ ነን የቀለልነው።

እሑድ ጠዋት ኮሚቴዎቹ ነጭ ልብሳቸውን ለብሰው መጡ። ውሃውን ቀድተን ዚሩን ወደ አጥሩ ጥግ አዛወርነው። ሸክላዎቹ ተነሱ፤ ከሥራቸው ያለው አፈር እርጥብ ነበር፤ በዚያ ደረቅ ግቢ ውስጥ እሱ ብቻ ጠቁሮ ርሷል። ኒዕማ አፈሩን በእጇ ነካችው። ሲጨርሱ ሙስዐብ ወረቀቱን ዘረጋ።

"ስም ተገኘ?"

"ሀጀራ አብራር" አለች ሉጥፊያ፣ ጮክ ብላ። "የደጋን ልጅ። በዐረብኛም በእኛም ፊደል ይጻፍ። ባሌ ይጽፍልሃል።" ሰሌዳው ላይ እኔ ጻፍኩት። "ሀ"ው ትንሽ ተጣሞብኛል።

"ምስክር ያስፈልጋል" አለ ሙስዐብ። "አንቺ፣ ስምሽ ማነው?"

"ሰልማ" አለች።

ብዕሩ መጻፍ ጀመረ። ሉጥፊያ መዳፏን ወረቀቱ ላይ ጣለች፤ ግድግዳ ላይ ቦታ ስትመርጥ እንደምታደርገው።

"ላ፣ አይደለም። ሰርዘው። ሉጥፊያ። ሉጥፊያ ሰይድ ይማም በል።"

ኒዕማ ከሰማያዊዎቹ ሸክላዎች ጎን ቆማ ትሰማለች። አንዴ ሉጥፊያን፣ አንዴ ጉድጓዱን አየች። "ሀናንንም አልጠየቅኳትም" አለች ቀስ ብላ። "ከአጥር ወዲህና ወዲያ ዓመት ከስምንት ወር ስንኖር አንድ ቀን አልጠየቅኳትም።"

ክፍሏ አልፈረሰችም። ለደጋን ድምፅ የሚያደርስ ሰው እያፈላለግን ነው፤ የሀርቡ ዘመዶቻችን የአብራር ቤት የቱ እንደሆነ ይጠይቃሉ። ዚሩ አሁን ከበሩ ውጭ ነው፤ መንገደኛ ይጠጣበታል፤ ኒዕማ ናት በሀጀራ ስም የምትሞላው። ትናንት ቀትር ላይ ግቢው ውስጥ ነበርን፤ ሉጥፊያ የተቆፈረውን ቦታ ታስተካክላለች። ኒዕማ ከአጥሩ ማዶ፣ "ያ ሰል…" ብላ ጀመረችና አቆመች። ከዚያ፣ "ሉጥፊያ!" ብላ ተጣራች።

ሚስቴ መጥረጊያዋን እንደያዘች ዞር ብላ ከኋላዋ ተመለከተች፤ ሌላ ሴት የተጠራች መስሏት።